መድኃኒቱ ማሽላ ላይ የተሰቀለው ኮምፒውተር

የታመመ ኮምፒውተር መድኃኒት ከማሽላ እርሻ ውስጥ አውርጄ አምጥቻለሁ። እንደማታምኑኝ አውቃለሁ። ለእኔም ሰው ቢነግረኝ «ይሄ ሰውዬ ዛሬ ምን ቅሞ ነው የወጣው?» ነበር የምለው። ግን የሆነው ሆኗልና ከመነሻው ልንገራችሁ።

ለማያውቀኝ፣ ይመር እባላለሁ። ደሴ፣ ሆጤ ውስጥ የጥገና ሱቅ አለኝ። በሬዲዮ ጀመርኩ፣ ወደ ቴፕ ተሻገርኩ፣ ከዚያ ቴሌቪዥን፣ አሁን ኮምፒውተር። ያስተማረኝ ሰው የለም። አንድ የተገነጣጠለ መዝገበ ቃላትና ሰው የጣለው ኮምፒውተር ይዤ ሁለት ክረምት ቤቴን ዘግቼ ተቀመጥኩ፤ ስወጣ ሰፈሩ ኢንጂነር ይለኝ ጀመር። እኔም አልከለከልኩም። ከሐይቅ እስከ ከሚሴ እኔ ያልነካሁት ኮምፒውተር ካለ ገና ከካርቶኑ አልወጣም ማለት ነው።

ሐሙስ ከሰዓት ጦይባ ደወለችልኝ። ጦይባ ከሱቄ ጀርባ ያደገች የጎረቤት ልጅ ናት። ኮምቦልቻ አንድ የግል ሳሙና ፋብሪካ ገብታ ሁለት ዓመት ሳሙና ስታሽግ ኖረች። ከሥራ ስትወጣ ታይፕ እየተማረች ቆየችና ከሦስት ወር በፊት ለሙከራ ብለው ጸሐፊ አደረጓት።

«ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ ይሞትብኛል» አለች።

«እንዴት ነው የሚሞተው?»

«እየጻፍኩ እያለሁ ስክሪኑ ሰማያዊ ይሆንና ነጭ እንግሊዝኛ ይሞላበታል። ከዚያ ራሱ ጠፍቶ ራሱ ይነሳል። በቀን አርባ ጊዜ። ሥራ አስኪያጁ የምታበላሺው አንቺ ነሽ ብሎኛል። እስከ ነገ ካልተስተካከለ ቅዳሜ ወደ ማሸጊያ ትመለሻለሽ ነው የተባልኩት።»

«እዚያ ቤት ኔትወርኩን ማን እንደዘረጋው ታውቂያለሽ?»

«እርስዎ ነዎት ሲሉ ሰምቼ እኮ ነው የደወልኩት።»

«ታዲያ ምን አስጨነቀሽ? እኔ የዘረጋሁት አይሞትም። ከእኔ በኋላ የገባ ሰው ነው የገደለው።»

ዓርብ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል

ከሆጤ ፒያሳ በባጃጅ አንድ ብር። የጥቅምት ብርድ ጆሮ ይቆርጣል፣ ጉሙ ደግሞ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መንገዱ ላይ ተኝቷል። አንዲት ጠባብ ቤት ገብቼ በአራት ብር ፉል በላሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ካቻቢቴ፣ አንድ የቀለም ብሩሽና የእኔ ሲዲ ነበሩ። ስለ ሲዲዬ ካልነገርኳችሁ ነገሩ አይገባችሁም። ኮምፒውተር ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ዕቃ አስተርጓሚ ይፈልጋል፤ ድራይቨር የሚባለው እሱ ነው። እኔ ካገኘሁበት ሁሉ የለቀምኩትን ድራይቨር አንድ ሲዲ ላይ ሰብስቤ በቀይ ቀለም «ሁሉም አለ» ብዬ ጽፌበታለሁ። ደሴ ውስጥ ያልገለበጠው ጠጋኝ የለም።

የኮምቦልቻ ሚኒባስ ስድስት ብር ነው። አጠገቤ አንድ ቄስ ተቀመጡ። የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ ስንጀምር ባሕር ዛፉ በግራ በቀኝ ይሮጣል፣ ጆሮ ይደፈናል። ቄሱ ቦርሳዬን አይተው ሥራዬን ጠየቁኝ።

«ኮምፒውተር አድናለሁ፣ አባ። አንዱ እየሞተ ነው፣ ወደሱ ነው የምሄደው።»

«ነፍስ አለው?»

«የለውም።»

«ነፍስ የሌለው ከሞተማ ፍታትም አይፈልግ፤ ምን ያስቸኩልሃል?»

ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀብኝ። ቁልቁለቱ ሲያልቅ ሙቀቱ በመስኮት ገባ፣ ሁሉም ሹራቡን አወለቀ፣ ቦርከና ወንዝም ከታች ታየ።

ሦስት ሰዓት፣ ኮምቦልቻ

የፋብሪካው በር ላይ አባ ሙሄ እንደ ድሮው ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። በሩን ስንት ዓመት እንደጠበቁት እሳቸውም ረስተውታል።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ አባ ሙሄ። እንዴት ነዎት?»

«ወዓለይኩመሰላም። አንተ ኢንጂነር፣ ወፍረሃል። ወሬህስ እንደዚያው ነው?»

«እሱም ወፍሯል።»

ቢሮ ስገባ ጦይባ ከወንበሯ ተነሳች። ጠረጴዛዋ ላይ ያላለቀ ደብዳቤ አለ። አንዱን ደብዳቤ ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ጊዜ ጽፋው ሦስቴም ጠፍቶባታል። ሥራ አስኪያጁ አቶ ግርማ በር ላይ ቆመው «እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጊዜ አለዎት። እሷም እንደዚያው» ብለውኝ ሄዱ።

የኮምፒውተሩ ጎን ላይ ሦስት ወረቀት ተለጥፏል። በእኛ አገር ጠጋኝ ሥራውን ሲጨርስ ስሙንና ስልኩን ለጥፎ ነው የሚሄደው። ታችኛው የእኔ ነው፤ ከላዬ ሁለት ሰዎች ተለጥፈውብኛል። ሌላም ልማድ አለን፤ ሌላው ጠጋኝ ያስገባውን ማውጣት ነውር ነው። የሰው እንጀራ እንደመንካት ይቆጠራል። ስለዚህ ሁሉም ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ከፍቼ ሳይ ፋየርዎሉ ሦስት ሆኗል። ፋየርዎል ማለት የኮምፒውተር ዘበኛ ነው፤ ከውጭ በኔትወርክ የሚገባውን ይፈትሻል። አንዱን እኔ አስገባሁ፣ ሁለተኛው ጠጋኝ የእኔን ሳይነካ የራሱን ጨመረ፣ ሦስተኛውም እንደዚያው።

«አየሽ ጦይባ፣ አባ ሙሄ በር ላይ ሌላ ሁለት ዘበኛ ቢመጣባቸው ምን ይሆናል?»

«ይጣላሉ።»

«ማን ይገባል?»

«ማንም።»

«ይኸው ነው በሽታው» አልኩና ወንበሬን አመቻቸሁ።

እውነቱን ለመናገር አሠራሬ ያምራል። መጀመሪያ የኔትወርኩን ገመድ ነቀልኩ፤ ሃያ ደቂቃ አልሞተም። ሰካሁ፤ በስድስት ደቂቃው ሞተ። ሰማያዊው ገጽ ቶሎ እንዳይሄድ ኮምፒውተሩ በራሱ እንዳይነሳ አድርጌ እስክሪብቶ ይዤ ጠበቅኩት። ሰው ያንን ጽሑፍ አያነበውም፣ ደንግጦ ያጠፋዋል። ከመሃሉ ግን የፋይል ስም አለ፤ ገዳዩ ስሙን ጽፎ ነው የሚሄደው። ስሙን ወረቀት ላይ ገለበጥኩና ኪሴ ከተትኩት። ለጊዜው ሐሳቤ ዘበኞቹ ላይ ነበር። ነውር ነው ያልኳችሁን ነውር አደረግኩ፤ ሦስተኛውን አወጣሁ፣ ሁለተኛውን አወጣሁ። መሞቱን ቀነሰ እንጂ አልተወም። የራሴንም አወጣሁ። አሁን በግማሽ ሰዓት አንዴ ይሞታል።

ስድስት ሰዓት ላይ አቶ ግርማ ሊያዩ መጡ፤ ዘበኞቹን እንዳወጣሁ ነገርኳቸው። ጦይባ ደብዳቤውን ወደ ንብረት ክፍል ላከች፣ ስክሪኑም እፊታቸው ሰማያዊ ሆነ።

«አዩ አቶ ይመር፣ ዘበኞቹም ወጡ። አሁንስ የነካው ማን ነው? እሷ ናት።»

ኪሴ ውስጥ ያለውን ወረቀት አውጥቼ አየሁት። የፋይሉ ስም የኔትወርክ ካርዱ፣ ማለትም ገመዱ የሚሰካበት ዕቃ፣ ድራይቨር ነው። እሱን ያስገባው ደግሞ ማንም ሳይሆን እኔ ነኝ፤ ከ«ሁሉም አለ» ላይ። የካርዱ ወንድም ድራይቨር እንጂ የካርዱ የራሱ አልነበረም፤ መንትያ መስሎኝ ሁለት ዓመት ሙሉ የሌላ ካርድ አስተርጓሚ አስቀምጫለሁ። ሥራ ሳይበዛበት እያነከሰ ይሄድ ነበር። ኢንተርኔት ሲገባና ሦስት ዘበኛ ሲጎትተው ግን ወደቀ።

ይህን ሁሉ ባንዴ አወቅኩት። ጦይባ ታየኛለች፣ አቶ ግርማ ያዩኛል። እኔ፣ አፌ ተዘግቶ የማያውቀው ሰውዬ፣ ወረቀቱን አጥፌ ወደ ኪሴ መለስኩና ምሳ ልብላ ብዬ ወጣሁ።

ከሰባት ሰዓት በኋላ

ሽሮ አዘዝኩ፣ ስምንት ብር፤ ግማሹን ተውኩት። ትክክለኛውን ድራይቨር ከኢንተርኔት ላውርድ ብል የፋብሪካውም የኢንተርኔት ቤቱም መስመር ከጠዋት ጀምሮ የለም። ያን ጊዜ የካርዱ የራሱ ሲዲ ትዝ አለኝ። ካርዱን ስገጥም ከነካርቶኑ ነበር። አባ ሙሄ ከጁምዓ እስኪመለሱ በር ላይ ጠበቅኳቸው።

«አባ ሙሄ፣ ያኔ ኔትወርኩን ስዘረጋ አንድ ሲዲ ነበር። የት እንደደረሰ ያውቃሉ?»

«አንተ አይደለህ እንዴ የሰጠኸኝ? ‘ይሄ ቆሻሻ ነው፣ ሁሉም እኔ ጋ አለ’ ብለህ።»

«ጣሉት?»

«ምን ያስጥለኛል፣ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ነገር? ማሽላዬ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ፀሐይ ሲመታው ወፍ አይጠጋም። ሐርቡ ነው፣ ሂድና እይ። ሰዎቼ እዚያ ናቸው።»

የሐርቡ ሚኒባስ አምስት ብር። ሙቀቱ የሳሙና ፋብሪካ ውስጥ ካለው ይብሳል። ከአስፋልቱ ወርጄ ሃያ ደቂቃ በእግሬ ገባሁ። ማሽላው ከቁመቴ በላይ ነው፣ ራሱ ቀልቷል። የአባ ሙሄ ባለቤት እትዬ ዘሀራ ማማው ላይ ወንጭፍ ይዘው ቆመዋል።

«ማነህ አንተ? ከማሽላዬ ውጣ።»

«ይመር ነኝ፣ እትዬ። አባ ሙሄ ልከውኝ ነው። ያንን የሚያብለጨልጭ ነገር ልወስድ።»

ቀና ስል አየሁት። በገመድ ታስሮ በንፋስ ይሽከረከራል።

«አትወስደውም» አሉ እትዬ ዘሀራ። «ሊታጨድ ሁለት ሳምንት የቀረው ማሽላ ነው። እሱ ሲወርድ ወፉን በአንተ ወሬ ልጠብቀው?»

«አንዲት ልጅ ከሥራዋ ልትወርድ ነው፣ እትዬ። ያለ እሱ አይሆንም።»

«በምትኩ ምን ይዘህ መጣህ?»

ቦርሳዬን ከፈትኩ። ካቻቢቴ ወፍ አያስፈራም። ብሩሽም አያስፈራም። «ሁሉም አለ»ን አወጣሁ። የስንት ዓመት ልፋቴ ነው። ገልበጥ አድርገው ፀሐይ ላይ አዩት።

«ይሄኛው ቧጨራም የለበትም። ይሻላል» አሉ።

ራሴ አሰርኩላቸው። አሮጌውን ከቅላቸው ውሃ ጠይቄ አጠብኩት፤ አቧራና የወፍ ኩስ ነበረበት። ወፍ አይጠጋም የተባለው እንግዲህ እንደዚያ ነው። በሸሚዜ ጫፍ አድርቄ ደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኩትና ወደ አስፋልቱ ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ።

አሥር ሰዓት

ቢሮው ደረስኩ። ጦይባ ጠረጴዛዋን አጽድታ ዕቃዋን በፌስታል አድርጋለች።

«መልሺው» አልኳት።

የእኔን ድራይቨር ነቀልኩት። የማሽላውን ሲዲ አስገባሁ። ኮምፒውተሩ አጉረመረመ፣ ቆመ፣ እንደገና አጉረመረመ። ግማሽ ላይ ሲደርስ ለረጅም ጊዜ ቀጥ አለ። ጦይባ ቢስሚላህ አለች፣ እኔም ከልቤ አሚን አልኩ። ተገልብጦ አለቀ። ከዘበኞቹ አንዱን ብቻ መለስኩ፤ የእኔን ሳይሆን የሦስተኛውን፣ አዲሱ እሱ ስለሆነ። ይህንን ስጽፍ እጄ ትንሽ ይከብደኛል።

ገመዱን ሰካን። ደብዳቤውን ላከች። ደገመች። ንብረት ክፍል ያለው ሰው «ስንቴ ነው የምትልኩልኝ?» ብሎ ደወለ። አርባ ደቂቃ ሆነ። ስክሪኑ እንደነበረ ነው።

አቶ ግርማ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ገቡ፣ ቆመው አዩ።

«እህ፣ ምን አድርጋው ነው?»

በእኛ ሥራ ለዚህ ጥያቄ ሁልጊዜ የተዘጋጀ መልስ አለ፤ «መብራት ነው»። መብራት አይከራከርም። ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። ጦይባ እጆቿን ቁልፎቹ ላይ አድርጋ ጎንበስ ብላለች።

«እሷ ምንም አላደረገችም» አልኩ። «የዛሬ ሁለት ዓመት እኔ የተሳሳተ ድራይቨር አስገባሁ። ትክክለኛውን ደግሞ ቆሻሻ ነው ብዬ ሰጠሁ። ከእኔ በኋላ የመጡት ዘበኛ ደራረቡበት እንጂ ሥሩ የእኔ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

አቶ ግርማ አዩኝ፣ ኮምፒውተሩን አዩ፣ ከዚያ ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ስሜን አዩ።

«ጦይባ» አሉ በመጨረሻ፣ «የሰኞውን ደብዳቤ ጀምሪው። ፊርማው ላይ ‘ጸሐፊ’ ብለሽ ጻፊ፣ ‘ለሙከራ’ የሚለውን አውጪው።»

በር ድረስ ሸኘችኝ።

«ጋሼ፣ መብራት ነው ቢሉስ ምን ነበረበት?»

«መብራት ነው ብል በሚቀጥለው ጊዜ ሲበላሽ እንደገና አንቺ ነሽ ይሉሽ ነበር።»

ማታ አንድ ሰዓት፣ ሆጤ

ሐረጎን ስንወጣ ሹራቤን መልሼ ለበስኩ። ደሴ ጉሟን ለብሳ ጠበቀችኝ። ቤት ስገባ ባለቤቴ ቦርሳዬን ተቀብላ «ሲዲህስ?» አለች። «ሥራ ቀይሯል» አልኳት።

መንገዱ ያስተማረኝ ይህ ነው፦ ከሰው ሥራ ላይ ከመጨመርህ በፊት ያለውን አንብብ፤ ነውር ቢመስልም ትርፉን አውጣ፤ ስታወጣም ከራስህ ጀምር። ሰማያዊው ገጽ ሲመጣ አትደንግጥ፣ ስሙን ጻፍ፤ የራስህ ስም ሊሆን ስለሚችልም ተዘጋጅ። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ደግሞ በመላው ወሎ ጥፋቱን እንደ እኔ አሳምሮ የሚያምን ጠጋኝ የለም። ልሞክርህ ያለ ይምጣ።

አላመናችሁም አይደል? ኮምቦልቻ ውረዱ፣ ስድስት ብር ነው። ጦይባን ጠይቋት፣ ጠረጴዛዋ ላይ ናት። አባ ሙሄንም በር ላይ ታገኟቸዋላችሁ፤ እሳቸው እኔን ትንሽ አክፍተው ነው የሚያወሩት፣ ቀንሳችሁ ስሙ። ሦስተኛ ምስክር ካስፈለጋችሁ አቶ ግርማ አሉ። የእኔን ስም ስትጠሩላቸው መጀመሪያ ይስቃሉ፤ እስኪጨርሱ ታገሷቸውና ከዚያ ጠይቁ።