አባባ ወረቀቱን የመለሱ ጊዜ

ሌሎች ልጆች ተረት የሚሰሙት እሳት ዳር ተቀምጠው መሆኑን በኋላ ነው ያወቅሁት፤ እኔ ልጅ ሳለሁ ተረት የሚነገረኝ በጨለማ ነበር። እኛ ቤተ እስራኤሎች ሰንበትን የምንቀበለው ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳት አጥፍተን ስለሆነ፣ መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመቱ ከጎንደር መጥተን ገርጂ በተከራየናት አንዲት የጭቃ ክፍል ውስጥ፣ እናቴ ፍሙ ላይ ውኃ ስታፈስ የሚወጣው የረጠበ አመድ ሽታ ያኔ ለእኔ የተረት ሽታ ነበር። ብርሃን ካለ የጎረቤታችን አምፖል በግድግዳው ስንጥቅ የሚያሾልከው ነው። ቦሌ የሚያርፍ አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ አያቴ አባባ ድምፁ እስኪርቅ ጠብቀው ይቀጥላሉ።

ወደ ኢየሩሳሌም ለመሄድ ስማችን እስኪጠራ ስንት ዓመት እንደጠበቅን መቁጠሩን ትተን ነበር። አንድ ዓርብ ተጠራ። የአባባ ብቻ። እዚያ ያለው አጎቴ አባቱ እንዲመጡለት አመልክቶ ኖሮ፣ የመጣው የመሄጃ ወረቀት እናቴንም እኔንም አይጨምርም።

«ይሂዱ እንጂ» አለቻቸው እናቴ፣ እሳቱን እያጠፋች። «እዚያ ሆነው ይጠሩናል። እዚህ ቁጭ ብለው ምን ሊያደርጉልን?»

አባባ ሲጨልም አጠገባቸው አስቀምጠውኝ የያዕቆብን ታሪክ ጀመሩ፤ ከማያውቀው ሰው ጋር እስኪነጋ እንደታገለ፣ ካልመረቀኝ ብሎ ሙጭጭ እንዳለ፣ በመጨረሻም ተመርቆ እያነከሰ እንደሄደ።

«እግሩን ተጎድቶ ምን ምርቃት አለ?» አልኳቸው። ተናድጄ ነበር፤ የሚሄዱ መስሎኝ።

«አዬ ልጄ፣ በረከት እንዲህ ነው። ከመከራው መሐል ፈልቅቀሽ ነው የምታወጪው።» ሳቅ አሉ። «ለመሆኑ ያን ሌሊት ለምን ብቻውን እንደቀረ ነግሬሻለሁ? ልጆቹን አስቀድሞ ወንዙን አሻግሮ...»

እዚህ ላይ ዝም አሉ። አውሮፕላን አላለፈም። እናቴ «አባባ፣ ተዉ» አለች በጨለማው ውስጥ፤ ልጆቻቸውን ትተው ቀድመው እንደማይሻገሩ ከእኔ በፊት ገብቷት ነበር።

ሰኞ ወረቀቱን መለሱ። እናቴ ሳምንት ሙሉ አኮረፈቻቸው። ከአራት ዓመት በኋላ እዚያችው ክፍል ውስጥ አረፉ፤ ጥያቄያችን በእሳቸው ስም ስለነበር ፋይሉ ተዘጋ፣ እኛም ቀረን።

ብዙ ዓመት ተናድጄባቸዋለሁ። ሄደው ቢሆን ኖሮ እያሉ ማሰብ ራሱ ያደክማል። እነዚያን የአራት ዓመት ዓርቦች ሳስብ ደግሞ መናደዴ ያሳፍረኛል፤ አባባን ያገኘኋቸው በእነሱ ነውና።

ባለፈው ሰንበት ይህንኑ ለእናቴ አነሳሁላት። አርጅታለች። ትቆጣለች ብዬ ነበር።

«ወንድሜ ያባቱን ሞት በስልክ ነው የሰማ» አለችኝ። «ዓይናቸውን የከደንኩ እኔ ነኝ። ይችን ማን ይሰጠኝ ነበር?»

ደክሞኝ ስለነበር ጭኗ ላይ ጋደም አልኩ።