ከግንቡ የጠፋው በር

ያረጀ የጥድ እንጨት ዝናብ ሲነካው የሚያወጣው ሽታ ባለፈው ሳምንት የካ ተራራ ሥር ካለው ግንብ ደጃፍ ላይ ተቀበለኝና፣ ሳልፈልግ ወደ ልጅነቴ መለሰኝ።

ግንቡን ድሮ አንድ ባላባት እንዳሠራው ይነገር ነበር፤ እኔ ነፍስ ሳውቅ ግን የእህል መጋዘን ሆኖ፣ አባቴ ዘበኛው ስለነበር ከበስተኋላው ባለች አንዲት ክፍል እንኖር ነበር። ክረምት ላይ ጭጋጉ ከእንጦጦ ወርዶ ባሕር ዛፉን ሲውጠው፣ ቅርጻ ቅርጽ ያለበትን የጎን በር ከውስጥ ዘግቼ እዚያው ስጫወት እውል ነበር። በየእንቁጣጣሹ አባቴ ጀርባዬን በሩ ላይ አስደግፎ፣ በአናቴ ልክ በሴንጢው ይጭርና «ቀሚስሽ ነው ያጠረው ወይስ አንቺ ነሽ የረዘምሽው?» እያለ ይስቅብኝ ነበር። አራት ጭረት ደርሰን ነበር።

በጋው እንደገባ የመጋዘኑ ኃላፊ ጋሽ ጥላዬ ከረሜላ ያመጣልኝ ጀመር። «አባትሽ ለኪዳን የሚሄደው ስንት ሰዓት ነው፣ የእኔ ቆንጆ?» ይለኝ ነበር። ነገርኩት። ይህንን ለአባቴ ነግሬው አላውቅም።

አባቴ ለኪዳን በሄደበት በአንዱ ማለዳ በሩ ጠፋ። ጋሽ ጥላዬ ጎረቤቱን ሰብስቦ «ዘበኛው ማገዶ አድርጎታል» አለ፤ የእኛን ክፍል በረበሩ፣ የእሱን ቤት ግን የፈተሸ አልነበረም። ወር ሳይሞላ ተባረን ኮተቤ ወረድን፤ አባቴም እስኪሞት ድረስ እንጨት የተሸከመ ሰው ሲያይ መንገድ ይቀይር ነበር።

ግንቡ አሁን የባህል ማዕከል ሆኗል። ባለፈው ሳምንት ውስጥ ገብቼ ስዞር በሩን አገኘሁት፤ በገመድ ታጥሮ ቆሟል፣ ሥሩም «የአቶ ጥላዬ ቤተሰብ ስጦታ» ተብሎ ተጽፏል። አስጎብኚዋ ልጅ ጭረቶቹን እያሳየች «አናጢዎቹ ለልክ ያደረጉት ምልክት ነው» አለች።

«የእኔ ቁመት ነው» አልኳት።

ከአጠገቤ የቆመ ጎልማሳ «እንግዲያው እርስዎም ቅርስ ነዎት» ብሎ ሰዉን አሳቀ። እኔ ግን ገመዱን አልፌ ጀርባዬን በሩ ላይ አስደገፍኩ።

«እማማ፣ መንካት ክልክል ነው» አለችኝ ልጅቷ፤ ቀጥላም በትሕትና፣ «የእርስዎ ለመሆኑ ወረቀት ነገር ይኖርዎታል?»

አባቴን ሌባ ለማድረግ ያኔ የአንድ ሰው ቃል በቅቶ ነበር፤ ወረቀት የጠየቀ አልነበረም። አሁን ግን አራቱን ጭረት ተደግፌ ቆሜም፣ ቃሌ አልበቃም።