ሟቹ አመልካች እኔ ነኝ

ከደብረ ማርቆስ የወጣሁት ገና ሳይነጋ ነው። አባቴ ሊሸኘኝ ከደብረ ኤልያስ መጥቶ ዘመድ ቤት አድሮ ነበርና መናኸሪያው በር ላይ ጋቢውን ተከናንቦ አገኘሁት። አላለቀሰም፤ ከአውቶቡሱ ረዳት ጋር ተጣላ እንጂ።

"መስኮት ጋ አስቀምጥልኝ አልሁህ እኮ! ሩቅ አገር ነው የሚሄድ።"

"አባባ፣ መስኮቱ አይከፈትም።"

"አይከፈት! እኔ ልየው ብየ ነው እንጅ።"

አውቶቡሱ ሲነሳ ከመስታወቱ ማዶ አንድ ነገር አለኝ፤ አፉ ሲንቀሳቀስ አየሁ እንጂ ድምፁ አልገባም። በስልክ እጠይቀዋለሁ ስል ሳልጠይቀው ቀረሁ። ዛሬም ድረስ ያ አፍ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል።

ስለ ካናዳዋ ኤድመንተን ብርድ ብዙ አልልም፤ ጮቄ ተራራ ላይ ያደረ ሰው ብርድ አውቃለሁ ብሎ እንዳይመጣ ብቻ። እኔን ከብርዱ ይልቅ የከበደኝ ስሜ ነው። እኛ ሰውን በራሱ ስም እንጠራለን፤ እነሱ በኋለኛው ነው። ይበልጣል አያሌው የነበርኩት ሰውዬ በባንኩም በሥራውም "ሚስተር አያሌው" ሆኜ ቀረሁ። መጀመሪያ ሰሞን ስጠራ ዞር ብዬ አባቴን እፈልግ ነበር። ይህን በስልክ ስነግረው ሳቀና "እኔም ካናዳ ገባሁ በለኛ!" አለኝ።

አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ጓደኛዬ ጥላሁን ከፊት፣ ከኋላው የአገሬ ልጆች፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ አፋቸውን ሳይከፍቱ ጮኽኩ። ደብረ ኤልያስ ኔትወርክ ተቋርጦ ስለነበር መርዶው እስኪደርሰኝ አባቴ ተቀብሮ ነበር።

ሕንፃውን የሚያስተዳድሩት አሮጊት ጩኸቱ አስደንግጧቸው ኮሪደሩ ላይ ወጡ። ጥላሁንን "ማነው የሞተው?" ብለው ጠየቁት። እሱም እንባውን እየጠረገ "አያሌው" አላቸው። ልክ ነው፤ የሞተው አያሌው ነው። እሳቸው የሚያውቁት አያሌው ግን እኔን ነው።

እኔን ደግሞ ብቻውን አይሆንም ብለው በዚያው ጠዋት ጥላሁን ቤት ወሰዱኝ፤ በዚያው ቀረሁ። ዕቃዬን ያወጣውም ቁልፉን የመለሰውም ጥላሁን ነው። አሮጊቷ አበባ ሰጥተውት "በጣም ጥሩ ሰው ነበሩ" አሉት። የይበልጣልን አባት የት አውቀዋቸው ነው እያለ እየተገረመ አመስግኖ መጣ።

የባለቤቴና የልጄ ቪዛ ሲወጣ ባለሁለት መኝታ ቤት ፍለጋ ጀመርኩ። እዚህ አገር አከራይ ጎረቤትህን አይጠይቅም፤ ኪራይህንና ብድርህን በወቅቱ መክፈልህን ከሚመዘግብ ድርጅት ክሬዲት ሪፖርት የሚባለውን ያስመጣል። ወጣቱ ወኪል ኮምፒውተሩን አየ፤ እኔን አየ፤ እንደገና ኮምፒውተሩን አየ።

"አመልካቹ ሞተዋል ይላል።"

"አመልካቹ እኮ እኔ ነኝ።"

"ይገባኛል። እግዚአብሔር ያጽናዎት። ግን ለሟች ማከራየት አይፈቀድልኝም።"

ወደ ድርጅቱ ደወልኩ።

"መሞትዎ ስህተት ነው እያሉ ነው?" አለችኝ ሠራተኛዋ።

"አዎ። ይኸው እያነጋገርኩሽ አይደል?"

"ድምፅ እንደ ማስረጃ አንቀበልም፣ ሚስተር አያሌው።"

ባለቤቴ ስመኝ በየቀኑ "ቤቱስ?" ትለኛለች። ሞቻለሁ ብዬ እንዴት ልንገራት? መታወቂያዬን ላክሁ፣ ደመወዝ የሚከፍለኝ መሥሪያ ቤት ጻፈልኝ፤ መልሱ ሁልጊዜ "የሚስተር አያሌው ሞት እየተጣራ ነው" ይላል። ያን ባነበብኩ ቁጥር አባቴን እንደገና የሚቀብሩት ይመስለኛል፤ መጀመሪያም አልቀበርኩት። አያሌው አልሞተም እያልኩ ስከራከር ደግሞ፣ እውነት ለመናገር፣ ደስ ይለኝ ነበር።

በመጨረሻ ወሬውን ለድርጅቱ ያስተላለፉት የድሮ ሕንፃዬ አሮጊት እንደሆኑ ተነገረኝና ወደ እሳቸው ሄድኩ። በሩን ከፍተው ሲያዩኝ የበሩን እጀታ ይዘው ቆሙ።

"እኔ ለቅሶውን ሰምቻለሁ እኮ" አሉ። "ታዲያ የሞተው ማነው?"

"አባቴ" አልኩ።

ከዚያ ጠዋት ወዲህ ቃሉን ከአፌ አውጥቼው አላውቅም ነበር። ሲጠይቁኝ የሚመልስልኝ ጥላሁን ነው። እዚያው ደጃፋቸው ላይ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ፣ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። አሮጊቷ ወንበር አመጡልኝና ስህተቱ የእሳቸው መሆኑን ጽፈው ፈረሙ።

ከድርጅቱ መልስ በመጣ ሳምንት ቤቱን አገኘሁ። ስመኝ እልል አለች። ከዚያ ደብረ ኤልያስ ለእናቴ ደወልኩ፤ ደግነቱ መስመሩ ገባ።

"ቤት አገኘሁ፣ እማ። የሞትሁ አስመስለው ጽፈውብኝ ነበር፤ አሁን ተስተካከለ።"

"እኔ ልሙትልህ! ማን ነው እንዲህ ያለ?"

"ስህተት ነው፣ እማ። ይቅርታ ጠይቀዋል።"

"እስቲ ምን ብለው ነው የጻፉ? አንብብልኝ።"

ሳላስብ እየተረጎምኩ አነበብኩላት፤ "አቶ አያሌው በሕይወት እንዳሉ አረጋግጠናል። ስለ ስህተቱ ይቅርታ እንጠይቃለን።"

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

"እማ?"

"አለሁ" አለች ቀስ ብላ። "ያችን የፊተኛዋን እስቲ ድገምልኝ።"

ደገምኩላት።