ድራይቨሩ አልተገኘም

ተስፋዝጊ በቀን ሰማንያ መኪና ይነዳል፤ አንዱንም ከአርባ ሜትር አያሳልፍም። ሥራው ሳን ሆዜ ውስጥ የኪራይ መኪና ማጠብ ነው። ያጠበውን ከበሩ አውጥቶ መስመር ላይ ያቆማል፣ ቁልፉን ይሰቅላል፣ በእግሩ ይመለሳል። አዲስ አበባ ተወልዶ፣ እዚያው የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ፣ ኤርትራዊ ነህ ተብሎ የተባረረ ሰው ነው። አሁን ስድሳ ሁለት ዓመቱ ነው። መሪ ይዞ ሰው ጭኖ አስፋልት ላይ መውጣት ካመለጠው ሃያ ምናምን ዓመት ሆነው። ነገሩ ያንገበግበዋል፤ ለማንም ግን አይናገርም።

ስለዚህ ፓሎ አልቶ ያለ አንድ ሆስፒታል ሕሙማን የሚያመላልስ ሾፌር ፈልጎ፣ «ሐሙስ ጠዋት በቪዲዮ እናነጋግርሃለን» ብሎ ሲጽፍለት፣ መልእክቱን አሥር ጊዜ አነበበው። በዚህ ዕድሜው ሌላ የሚጠራው እንደሌለ ያውቃል።

ችግሩ ላፕቶፑ ነው። የቃለ መጠይቁ ፕሮግራም በአሮጌ ሲስተም አልሠራም አለ፤ በስልክም አይቻልም። ሳንታ ክላራ ኮምፒውተር ነክ ሥራ፣ አይቲ፣ የሚሠራው የኦክላንድ ጎረቤቱ ባስልኤል ማክሰኞ ዕለት ሲስተሙን ወደ አዲስ አፕግሬድ አደረገለት። ተስፋዝጊ ቤቱ ወስዶ ሲከፍተው የላፕቶፑ ድምፅ ጭጭ አለ። ስክሪኑ ላይ በእንግሊዝኛ «ድራይቨር አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

ተስፋዝጊን ላብ አጠመቀው። ድራይቨር ማለት ሾፌር ነው፤ ሾፌሩ ደግሞ እሱ ነው። ሆስፒታሉ ስሜን አጣው ማለት ነው ብሎ አሰበ። በማግስቱ ላፕቶፑን ታቅፎ ቴሌግራፍ አቬኑ ወዳለችው ካፌ ሄደ። ረቡዕ ባስልኤል «ከቤት የሚሠራበት» ቀን ስለሆነ ከጓደኞቹ ጋር እዚያ ተጎልቷል።

«ባስልኤል ልጄ፣ ድራይቨሩ አልተገኘም ይለኛል እኮ! ድራይቨሩ እኔ ነኝ! ይኸው ፊቱ ተቀምጬ!»

ባስልኤል ከንፈሩን ነከሰ። ስልኩን አውጥቶ አስጠጋለት። «ጋሼ፣ እስቲ አንዴ ይድገሙልኝ። ለቴክኒሻኑ ሪከርድ ላድርገው።»

ተስፋዝጊ ጉሮሮውን ጠርጎ ቃል በቃል ደገመለት። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ጋሼ እያሉ፣ እርስዎ እያሉ ነው የሳቁበት፤ እንዲህ ያለው አክብሮት ከስድብ ይብሳል።

«ጋሼ፣ ድራይቨር ሰው አይደለም» አለው ባስልኤል እንባውን እየጠረገ። «ድምፁን የሚያሠራው ሶፍትዌር ነው። ለአሮጌ ላፕቶፕ በሞዴል ቁጥሩ መፈለግ ብቻ ነው። አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ ዛሬውኑ ሴንድ አደርግልዎታለሁ።»

ተስፋዝጊ ቁጥሩን ከላፕቶፑ ሆድ ላይ በብጣሽ ወረቀት ገልብጦ ሰጠው። ባስልኤል ወረቀቱ ላይ ማኪያቶውን አስቀመጠበት።

የዚያን ዕለት ምንም አልላከም። ተስፋዝጊ ራሱ ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ የሚመሳሰል ቁጥር ያለው አወረደ፤ አንዲት ፊደል ተለይታ ኖሮ ላፕቶፑ አልቀበልም አለ። ሦስት ጊዜ ደወለ፤ ባስልኤል አላነሳም። ሥራ በዝቶበት እንዳይመስላችሁ፤ በስልኩ የቀዳውን ድምፅ ላገኘው ሰው ሁሉ እያሰማ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ተስፋዝጊ ክራባት አስሮ ተቀመጠ። ስክሪኑ ላይ አንዲት ሴትዮ መጣች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። እሱም ተናገረ፤ አልሰማሁም ስትል ጆሮዋን ነካ ነካ አደረገች። ከአፕግሬዱ ወዲህ በስሙ ቦታ «ዩዘር» ብቻ ስለሚል፣ ማን እንደሆነም አላወቀችም። በአንድ ጣቱ ፊደል እየለቀመ ጻፈላት። ትናንት የተዋረደበትን ቃል ዛሬ በትክክል ሊጠቀምበት ነው።

«ሶሪ። ኖ ድራይቨር።»

«ድራይቨር ነው የሚያስፈልግህ?» ብላ ጻፈች።

ገባት ብሎ ልቡ በደስታ ዘለለ። «የስ ፕሊስ። ኒድ ድራይቨር።»

ሴትዮዋ በአዘኔታ ፈገግ አለች። ስልክ ቁጥር ጻፈችለት፣ እጇን አወዛወዘችና ጠፋች። ተስፋዝጊ እጅ ነስቶ ቁጥሩን ገለበጠ፤ ድምፁን የሚጠግኑ ሰዎች መስለውት ወዲያው ደወለ።

«ከየት እናንሳዎት?» አለችው ስልኩን ያነሳችው ልጅ በእንግሊዝኛ። «ከሐኪም ጋር ቀጠሮዎ ስንት ሰዓት ነው?»

ያኔ ገባው። ሴትዮዋ በዚያው ቪዲዮ ሕሙማንንም ስለምታነጋግር፣ መኪና የሚላክለት በሽተኛ መስሏት ኖሯል። ለልጅቱ ሊያስረዳት ሞከረ፤ የሷ ሥራ መኪና መላክ ብቻ ነው። ወደ ቃለ መጠይቁ ሊመለስ ቢል ስክሪኑ «ቀጠሮው አልፏል» ይላል። ተስፋዝጊ ክራባቱን እንዳሰረ አለቀሰ።

እኩለ ቀን ላይ ከባስልኤል ሁለት ፋይል ደረሰው። «ጋሼ፣ ትክክለኛው ድራይቨር ተገኘ! የመጀመሪያውን ፋይል ኢንስቶል ያድርጉና ድምፁን በሁለተኛው ቼክ ያድርጉ።»

ለምን እንደሆነ ሳያውቅ እንደታዘዘው አደረገ። ከዚያ ሁለተኛውን ከፈተ።

«ድራይቨሩ እኔ ነኝ! ይኸው ፊቱ ተቀምጬ!» አለ የራሱ ድምፅ። ሳቁ ተከተለ። ጥርት ብሎ ይሰማል፤ የትኛው ሳቅ የማን እንደሆነ ሳይቀር ይለያል።

ተስፋዝጊ እስከ መጨረሻው አዳመጠው። ከዚያ ክራባቱን ፈትቶ መኪና ሊያጥብ ሳን ሆዜ ሄደ።