ጋሼ ያላዩት ስኪ

ዴንቨር አካባቢ ይህን ያህል ዘመን ስኖር አንድም ቀን ስኪ በሚሉት የበረዶ መንሸራተቻ ላይ ቆሜ አላውቅም። የሰው ስኪ ግን ስሸከም ኖሬያለሁ። ሥራዬ ከኤርፖርት ወደ ሆቴል ሰው ማመላለስ ነው፤ በረዶ መጣል ሲጀምር ያንን ቁመቴን የሚያክል ቦርሳ ስጭንና ሳወርድ ወገቤ አለቀ። ስለዚህ ልጄ አንድ ቅዳሜ መጥታ የራሷን ስኪ በገዛ እጇ ልትሠራ እንደሆነ፣ ለዚህም ጋራዡን ክሊር እንዳደርግላት ስትነግረኝ ሳቅኩባት። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» አልኳት። አልገባትም፤ እናቷ ስታስረዳት ተቆጣች።

ሃያ ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤቷ ከኛ ቤት የአንድ ሰዓት መንገድ ስለሆነ እዚያው ዶርም ትኖራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚታጠብ ልብሷን ይዛ ትመጣለች። ቤታችን ኦሮራ ነው፣ ከፒዮሪያ ስትሪት ትንሽ ገባ ብሎ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በፊት ልጄና እኔ የምናወራው ነገር አልቆብን ነበር። እኔ በአማርኛ እጠይቃለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፣ ሁለታችንም ይደክመናል። እናቷ ባትኖር በሳምንት ሁለት ቃል አንለዋወጥም ነበር።

ጋራዡን ያስከፈቱኝ ጋሼ ናቸው። ጋሼ የምለው ታላቅ ወንድሜን ነው። አባታችን ቀድሞ ስለሞተ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። አዲስ አበባ የአናጢነት ሥራ ቤት ነበራቸው፤ ከአገር እስክወጣ ድረስ ከሥራቸው መላጊያ ስገፋ ነው ያደግኩት። ልጄ በልጅነቷ ሁለት ጊዜ ወስደናት ታውቃቸዋለች። እኔ ጋሼ ስላልኩ እሷም ጋሼ ነው የምትላቸው፣ ያውም «አንተ» እያለች። ስገስጻት ጋሼ «ተዋት፤ ማን አስተምሯት» ይሉኛል፤ ነገሩ ለኔ መሆኑ ነው።

በቪዲዮ ደውላ የስኪውን ሥዕል ስታሳያቸው መነጽራቸውን አስተካክለው አዩና «ይሄ የማን አልጋ ጎን ነው?» አሉ። እግር ላይ ታስሮ በበረዶ ላይ ቁልቁል የሚወረድበት ነው ስንላቸው ሥዕሉን እንደገና አዩት። ከዚያ «እንግዲያው እንጨቱ ይታሰብበት፤ የሰው አንገት ነው» አሉ። ወደ እኔ ዞር ብለው ደግሞ «አንተ ምን ትገተራለህ፣ አግዛት እንጂ» አሉኝ። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ እንደ ልጅ ታዘዝኩ።

ስኪ ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር። ውስጡ እንጨት ነው። ቀጫጭን ጣውላ ጎን ለጎን በኮላ ይያያዝና መሃሉ ወፈር፣ ጫፍና ጫፉ ሳሳ እስኪል ይላጋል። ከሥሩ ፕላስቲክና የብረት ጠርዝ፣ ከላይና ከታች ፋይበርግላስ የሚሉት የብርጭቆ ክር ጨርቅ ይሆንና ሁሉም በሙጫ ርሶ በጎበጠ ቅርጽ ማውጫ ላይ ይታሰራል። ከዚያ በላስቲክ ተጠቅልሎ አየሩ በፓምፕ እየተመጠጠ ያድራል። ጋራዡ ስለሚበርድ ሙጫው እንዲደርቅ ሙቀት ይፈልጋል፤ የባለቤቴን የኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ ወሰድንባት። እሷ ግሌንዴል ባለ መጦሪያ ቤት አረጋውያን ስታገላብጥ ውላ ነው የምትመጣው። «መኪናዬን ውጭ ጣላችሁት፣ ብርድ ልብሴን ለእንጨት አለበሳችሁት፣ እኔን ደግሞ የት ታደርጉኝ ይሆን» እያለች ራት ታመጣልናለች።

ልጄ ሁሉንም ከቪዲዮ ተምራው መጥታለች። የእንጨትን ጠባይ ግን ያስተማራት የለም። ጣውላዎቹን እንደመጣላት ስትደረድር ጋሼ በስልኩ ውስጥ ሆነው አስቆሟት። የአንዱ ልብ፣ ማለት ከግንዱ መሃል በኩል ያለው ጎኑ፣ ወደ ላይ፣ የጎረቤቱ ልብ ወደ ታች ይሁን፤ ያኔ አንዱ ልጣመም ሲል ሌላው ይይዘዋል አሏት። እኔ መሃል ቆሜ አስተረጉማለሁ። መላጊያ አያያዝ ላሳያት ስጎነበስ እጄ ሳላዘው አስታወሰ። ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ ሲወጣ ልጄ ቀና ብላ አየችኝና «ዳድ፣ ይሄን ሁሉ ታውቅ ነበር?» አለችኝ። በአማርኛ ነው ያለችው። ምን ያህል ደስ እንዳለኝ አልነግራችሁም፤ ሽንት ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ።

እንዲህ ሆነን መስከረምንና ጥቅምትን ገፋን። ቅዳሜ ጠዋት መጀመሪያ ለጋሼ ይደወላል፣ ከዚያ ሥራ ይጀመራል። ጋሼ ስኳር ነበረባቸው፤ ከሳምንት ሳምንት ፊታቸው ይከሳል፤ እኔ አይቼ እንዳላየሁ እሆናለሁ።

አንድ ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ በራችን ተንኳኳ። ሦስት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ዞር ብዬ ባለቤቴን አየኋት። ከዋዜማው ጀምሮ ታውቅ ኖሯል፤ አጠገቤ ስታድር ትንፍሽ አላለችም። አልተቀየምኳትም። በኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ ነው። በስልክ አይነገርም፣ ሲመሽ አይነገርም፣ ሰው ብቻውን ሳለ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ሲነጋ፣ ደግፎ የሚይዝ እጅ ባለበት ነው የሚነገረው። ያን ጠዋት ግራና ቀኝ ባይዙኝ ኖሮ ሲሚንቶው ላይ ነበር የምወድቀው። ጋሼዬን አጣሁ።

ሦስት ቀን ተቀመጥን፤ ቤቱ ሰው ሞላው። በሦስተኛው ቀን ከሽማግሌዎቹ አንዱ የልጄን ነገር አነሱ። ፈተናዋ ቀርቧል፣ ዶርም ውስጥ ብቻዋን ናት፣ ሰምታ አንድ ነገር ብትሆንስ? ፈተናው ይለቅና እኛው መጥተን በወጉ እናረዳታለን አሉ። ሁሉም ልክ ነው አለ። እኔም አልኩ። ዓርብ ወንበሩ ተመለሰ፣ ምንጣፉ ተጠረገ፣ ባለቤቴ ጥቁሯን አወለቀች። ቅዳሜ ልጄ ልብሷን ታቅፋ ስትገባ ቤቱ እንደ ወትሮው ነበር።

«ለጋሼ እንደውል» አለችኝ ጃኬቷን ሳታወልቅ።

«ጠበል ገብተዋል» አልኳት። «እዚያ ስልክ አይያዝም። ትንሽ ይቆያሉ።»

አስቤበት አልነበረም፤ ከአፌ ወጣ። አመነችኝ። ለምን አታምነኝም፣ አባቷ ነኝ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይቅር ትለኝ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን «ደወለልህ?» አለችኝ። አዎ፣ ከሰው ስልክ ደውለው ነበር አልኳት። ልገን እንደጨረስን ነገርከው? ነገርኳቸው። ምን አለ? መጥረጊያውን አንስቼ ወለሉን መጥረግ ጀመርኩ፤ ፊቴን እንዳታየው። «እጅሽ እኔን ወጥቷል በላት አሉኝ» አልኩ።

እግዜር ይመስክርብኝ፣ ጋሼ በልባቸው እንዲህ ሳይሉ አይቀሩም። በአፋቸው ግን ሰው አመስግነው አያውቁም። እኔ ራሴ ይህን ቃል ከሳቸው ለመስማት ዕድሜዬን ሙሉ ጠብቄ ሳልሰማ ቀርቻለሁ። የፈለግኩትን ለልጄ ሰጠኋት፤ የኔ ያልሆነውን።

ልጄ መላጊያውን አስቀመጠች። በአማርኛ ጻፍልኝ አለችኝና ካርቶን ላይ ጻፍኩላት። ፊደል አትችልም። ለላይኛው ልባስ በገዛችው ስስ እንጨት ላይ በጋለ ብረት፣ አንዱን ፊደል አንድ ሰዓት እየፈጀች፣ እንደ ሥዕል እያየች ገለበጠችው። በግራው ስኪ «እጅሽ እኔን»፣ በቀኙ «ወጥቷል»። ጎንበስ ብላ፣ ምላሷን በጥርሷ ይዛ። ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትኩ፤ ሦስት ጊዜ «ጎበዝ» ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ ሙጫው ፈሰሰበት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የኔ ቃል ደግሞ ተለስኖበት ደረቀ፣ በብርጭቆ ወረቀት ቢፈገፈግ የማይለቅ ሆኖ።

ለሰው ስናገር ለልጄ ብዬ ነው እላለሁ። ውሸት ነው። በሌላው ቀን መኪና ውስጥ ብቻዬን ሳለቅስ ነው የምውለው። ቅዳሜ ግን ልጄ «ጋሼ ምን አለ?» ትለኛለች፣ እኔም ጋሼ ያሉትን እነግራታለሁ፣ እንስቃለን። ቅዳሜ ቅዳሜ ጋሼ አልሞቱም ነበር። ያንን ማን ይተዋል?

ፈተናው ዓርብ አለቀ። ሽማግሌዎቹ እሑድ ጎህ ሲቀድ ሊመጡ ተቀጣጠርን። ቅዳሜ ስኪዎቹን ከላስቲኩ አውጥተን ዳር ዳራቸውን ቆርጠን አለሰለስናቸው። ቆንጆ ነበሩ። ብዙ ዕቃ ሠርቻለሁ፤ እንደዚያ ያማረ አልሠራሁም። እጄን ልታጠብ ወደ ወጥ ቤት ገባሁ።

እኔ ስታጠብ እሷ ስኪዎቹን በቪዲዮ ቀርጻ አዲስ አበባ ላለችው ለጋሼ ልጅ ላከችላት፤ ጋሼ ከጠበል ሲወጣ አሳዪልኝ ብላ። ስልኳን ይዛ ወጥ ቤት በር ላይ ስትቆም እጄ ገና እርጥብ ነው። የመጣላትን የድምፅ መልእክት ከፈተችልኝ። የወንድሜ ልጅ ድምፅ ነው፦ «የኔ እህት፣ አልነገሩሽም እንዴ? አባዬ እኮ ዛሬ አርባቸው ወጣ።»

«አርባ ምንድን ነው?» አለችኝ። ታውቀዋለች፤ ከኔ አፍ መስማት ፈልጋ ነው።

«ከሞቱ አርባ ቀን» አልኩ።

በጣቷ ስትቆጥር አየኋት። ወደ ኋላ ቆጠረች፣ ቅዳሜዎቹን። ከዚያ «እጅሽ እኔን ወጥቷል ያለው ማነው?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። እኔ ነኝ የጮህኩት፣ አመሌ ነው። ባህላችን ነው አልኳት፣ ሰው ብቻውን ሳለ አይረዳም፣ አንቺ ዶርም ብቻሽን ነበርሽ፣ እዚህ ተወልደሽ ይሄ እንዴት ይገባሻል አልኳት። የመጨረሻዋን ባልናገራት ኖሮ። ሰምታ ሰምታ ስጨርስ በአማርኛ፣ ቃል በቃል እየፈለገች መለሰችልኝ።

«ብቻዬን አልነበርኩም» አለች። «ከአንተ ጋር ነበርኩ።»

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። እናቷ እስከ መኪናው ተከትላት ነበር፤ ብቻዋን ተመልሳ ገባች።

ሽማግሌዎቹን ቅሩ ማለት ረስቼ ኖሮ እሑድ ጎህ ሲቀድ መጡ፤ አራት ሆነው፣ ሻይ በፔርሙዝ ይዘው። ሰምታለች፣ ሄዳለች አልኳቸው። ታላቁ ነጠላቸውን እያስተካከሉ «ለቀባሪው አረዱት አሉ» አሉና መሳቅም ማልቀስም አቅቷቸው ተቀመጡ። ሻዩን ጠጣን። ያንን የድጋፍ እጅ ሁሉ ይዘው መጥተው የሚይዙት ሰው አጡ።

በጥር ሥራ ላይ ሳለሁ መጥታ ስኪዎቹን ወሰደች። ተራራ ላይ የተነሳችውን ፎቶ ባለቤቴ አሳየችኝ። ፊደሎቹ ላይ ጥቁር ፕላስተር ለጥፋባቸዋለች። አልፋቅ ስላላት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ፎቶው ላይ ለመፋቅ የሞከረችበት ጭረት ይታያል። እኔን በስልክ ታነጋግረኛለች። ትሁት ናት። ስለ አየሩ እናወራለን።

በየካቲት ባለቤቴ የሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን ተደረገች። ቀላል ነው ተብሎ ነበር፣ ቀላልም ሆነ። እንደወጣች ለልጄ ደወልኩና ደህና ናት አልኳት።

«አገናኘኝ» አለች።

«ተኝታለች፤ ማደንዘዣው ገና አልለቀቃትም።»

ይህን ስል የራሴን ድምፅ ሰማሁት፤ ለስላሳ፣ የተረጋጋ፣ ጠበል ገብተዋል ያልኩበት ድምፅ ነው። «እውነቴን ነው» አልኩ። ስልኩ ተዘግቷል።

በዚያ በረዶ ድራይቭ አድርጋ ሆስፒታሉ ድረስ መጣች። ኮቷን ሳታወልቅ ገባች፤ ወደ እኔ አላየችም። ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጋ የእናቷን እግር በሁለት እጇ ያዘች። ሙቀት እንዳለው እየፈተሸች እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ ፈጀብኝ።

«ደህና ናት ብዬሽ ነበር እኮ» አልኳት።

«አዎ፣ ብለኸኛል» አለችኝ። በክፋት አልነበረም። እግሩን ሳትለቅ ወደ በሩ ዞራ፣ ነርሷ መጥታ እስክትነግራት ጠበቀች።