ሦስት የመዶሻ ምት

የተቃጠለ የጥድ ሙጫ በሸተተው ቁጥር ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት የነበረው ያ ጠዋት ይመለስበታል። ጣውላው ጉጥ ነበረበት። መጋዙ ጉጡን ነከሰና ጭስ ተነሣ። ሁለት ጣቶቹን ከሰጋቱራው ውስጥ የለቀመለት ሌላ ሰው ነበር።

የእንጨት መሰንጠቂያው ድርጅት አላባረረውም፤ ቢጫ ሰደርያ አልብሶ የደህንነት ሠራተኛ አደረገው። ከዚያ ወዲህ ሥራው መናገር ሆነ። የመጋዙን መከለያ አውርዱ፣ መነጽር አድርጉ፣ ወደ ቤት ስትሄዱም ሞተር ላይ ሦስት አትሁኑ፣ ከሰል አቀጣጥላችሁ በር ዘግታችሁ አትተኙ። ሰኞ ሰኞ ሊመክር ሲቆም አንዱ ከኋላ፣ "ጋሼ ስምንት ጣት! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ!" ይላል። ሠራተኛው ይስቃል፤ እሱም አብሮ ይስቃል።

ወደ መሰንጠቂያው ክፍል ሲያመራ በሩ አጠገብ ያለው ሰው ቧንቧውን ሦስት ጊዜ በመዶሻ ይመታል። ሲገባ መከለያው ሁሉ ወርዷል፤ ሲወጣ ይነሣል። ይህን ያውቃል፤ እንዴት አያውቅ! በጉልምስናው ምልክቱን ያወጣው እሱ ራሱ ነው። ያን ጊዜ የሚታለለው ፎርማኑ ነበር።

አሁን በዚያው መጋዝ ላይ የቆመችው የመጨረሻ ልጁ ናት።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ ለከሰዓት ፈረቃ ስትሰናዳ፣ "ልጄ፣ ትናንትም ሦስቱን ምት ሰማሁ" አላት።

"ሳትሰማ የቀረህበት ቀን አለ?"

"የሌላው ይቅር። አንቺ እንኳ አውርጂው።"

"አባዬ፣ መከለያው ወርዶ የሚወጣልኝ ሰማንያ ጣውላ ነው። ፎርማኑ የሚፈልገው መቶ ሃያ። ሰማንያ አውጥቶ ኮንትራቱ የታደሰለት ሰው ታውቃለህ?"

አያውቅም። መከለያው እንዲወርድ ቁጥሩም ይውረድ ብሎ ለኃላፊው ሦስት ጊዜ ጽፎ ነበር። የመጣለት መልስ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ አዲስ ማስታወቂያ ነው።

"ሌላ ሥራ እንፈልጋለና።"

"ይሄንንስ ያስገኘኸኝ አንተ አይደለህ? በተቆረጡት ጣቶችህ ለምነህ።"

ውጭ የሞተር ጡሩምባ ተነፋ፤ ሁለት የሥራ ባልደረቦቿ ሞተሩ ላይ ሆነው ሦስተኛዋን ይጠብቃሉ።

እሱ ከኪሱ የጥፋት መመዝገቢያውን አወጣ። ስሟ ከሰፈረ ሰኞ ከመጋዙ ትነሣለች፤ ከሥራውም ጭምር።

"ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። እኔ መከራው እንዲመክርሽ አልፈልግም። እጽፈዋለሁ።"

"ጻፈው" አለች፣ ድምጿን ሳታነሣ። "የእማዬን መድኃኒት ማን እንደሚገዛም አብረህ ጻፍበት።"

ከወዲያኛው ክፍል የእናትየዋ ሳል ተሰማ። በሦስት ጣቱ ብዕሩን እንደያዘ ወረቀቱ ላይ አጎነበሰ። የስሟን የመጀመሪያ ፊደል ጀምሮ ተወው፤ ብዕሩንም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ልጅቷ ይህን አየች። ሻርፗን አንሥታ፣ ደህና ዋል እንኳ ሳትለው ወጣች።