ለሁለቱም በር የሚሆን ሣጥን

ቧንቧ ሠሪዋን ሰፈሩ ሁሉ «መፍቻ» ይላታል። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው፤ ግን አንድ ሰው ድንገት መንገድ ላይ በዚያ ስም ቢጠራት፣ ራሷም ዞራ ማን እንደተጠራ የምትፈልግ ይመስለኛል።

ትከሻዋ ሰፊ፣ ድምጿ ወፍራም፣ ፀጉሯ አጭር ነው። ትከሻውንና ድምፁን ተፈጥሮ ሰጣት፤ ፀጉሩን ግን ራሷ ናት ያስቆረጠችው፣ ሱሪውንም ራሷ ናት የመረጠችው። ቀሚስ ስትለብስ ባለቤቱ መጥቶ «አውልቂ፣ የኔ ነው» የሚላት ይመስላታል። «ወንድ መሆን አማረሽ እንዴ?» ብለው የሚጠይቋት አይጠፉም። «እኔ እኔን መሆኑም ገና አልሞላልኝ፤ ሌላ ሥራ ጨምሬ የት ልደርስ!» ትላቸዋለች።

ይህች ሴት የከተማውን የሕዝብ መጸዳጃ ቤት በሙሉ ከውስጥ ታውቀዋለች። የአውቶቡስ ተራው ማጠቢያ የቱ ጋ እንደሚያፈስ፣ የሲኒማ ቤቱ በር ለምን ገጥሞ እንደማይዘጋ አሳምራ ትነግራችኋለች። ችግሩ ራሷ ሽንቷ ሲመጣባት ነው። በወንዶቹ በኩል ስትገባ እጁን የሚታጠበው ሰውዬ ደረቷን ያይና «እህቴ፣ ተሳስተሻል መሰለኝ» ይላታል። በጨዋ ደንብ ነው የሚላት፤ ዓይኑ ግን እስክትወጣ ድረስ አይለቃትም። በሴቶቹ በኩል ስትገባ ደግሞ ጩኸት ነው። አንዴ አንዲት አሮጊት ጃንጥላቸውን ትከሻዋ ላይ አሳረፉባት። «ኧረ እማማ፣ ሴት ነኝ!» ስትላቸው ያንን ወፍራም ድምፅ ሰምተው «ጭራሽ!» አሉና ደገሟት። ይህን ራሷ ናት እየሳቀች የምታወራው። ያን ቀን ሽንቷን እስከ ቤቷ ድረስ ይዛ እንደሄደች፣ ቤቷ ስትደርስም ከሽንቱ እንባው እንደቀደማት ግን አታወራም።

መላውን ያገኘችው በሥራ ላይ ነው። የመሣሪያ ሣጥኗን ካንጠለጠለች የማይከፈትላት በር የለም። ሣጥን የያዘ ሰው ወንድም ሴትም አይደለም፤ ቧንቧ ሠሪ ነው። ሴቶቹ «ቆይ አንዴ፣ እንውጣልህ» ይሏታል፤ ወንዶቹም መንገድ ይለቁላታል። እሷ ታዲያ በሩን ቀርቅራ፣ መፍቻውን አንድ ሁለቴ ቧንቧው ላይ ኳ ኳ አድርጋ፣ ጉዳይዋን ጨርሳ ትወጣለች። ከዚያ ወዲህ ሣጥኑ ከእጇ ጠፍቶ አያውቅም። ሰርግ ይዛው ሄዳ ሙሽራው ምን ፈነዳ ብሎ ደንግጧል። ለቅሶ ይዛው ሄዳ የሟች ሚስት እንባቸውን ጠርገው የማድ ቤቱን ቧንቧ አሳይተዋታል።

«አንቺ እኮ ይሄን ብረት አግብተሽዋል!» ትላታለች እህቷ።

«ያንቺ ባል ሽንት ቤት ያስገባሻል? የኔ ያስገባኛል።»

የእህቷ ልጅ አንደበቷ ይያዛል። ሰው ፊት ስትቆም የመጀመሪያው ቃል ጉሮሮዋ ላይ ይቀራል። እንዲህ ሆና ሳለ ትምህርት ቤቷ ለዓመቱ መዝጊያ፣ በከተማው አዳራሽ፣ የጻፈችውን ታሪክ እንድታነብ መረጣት። ልጅቷም ወረቀቷን ይዛ አክስቷ ዘንድ እየመጣች ስትለማመድ ከረመች። መፍቻ ቧንቧ እየሞረደች ታዳምጣታለች፤ ቃሉ ሲይዛት አትጨርስላትም፣ ዓይኗንም አትነቅልም።

«አክስቴ፣ እ… እኔ አንቺን ብቻ ነው የማየው» አለቻት በዋዜማው። «ካጣሁሽ አፌ ይታሰራል።»

«የት እሄዳለሁ? ፊት ወንበር ላይ ተተክዬ ነው የምታገኚኝ።»

እህቷም በበኩሏ አደራ አለቻት። «ሣጥኑን ቤት ተይው። ነገ እንኳ እንደ ሰው ባዶ እጅሽን ነይ።»

መፍቻ ሁለቱንም እሺ አለች። በማግስቱም ከጠዋት ጀምሮ ጠብታ ውሃ ሳትቀምስ ዋለች፤ ለክፉም ለደጉም ብላ ግን ሣጥኑን ይዛ መጥታ ወንበሯ ሥር ሸጎጠችው። እህቷ አየችው፤ ሰው ፊት ነውና ጥርሷን ብቻ ነከሰች።

ውሃ ያልጠጣ ሰው ሽንቱ አይመጣም ያለው ማን እንደሆነ አላውቅም። ርዕሰ መምህሩ ንግግራቸውን ሲጀምሩ መፍቻ እግሯን አጣመረች፤ ሲያጋምሱ ገልብጣ አጣመረች፤ «በመጨረሻም» ብለው እንደ አዲስ ሲቀጥሉ ላብ አጠመቃት። ከእሳቸው ቀጥሎ መዝሙር አለ፣ ልጅቷ ከመዝሙሩ በኋላ ናት። እደርሳለሁ ብላ ሣጥኗን አንጠልጥላ ሹልክ አለች።

በሴቶቹ በር ስትገባ አንዲት ወይዘሮ፣ ከተማሪዎቹ የአንዷ እናት፣ ያማረ ቀሚሳቸው በስብሶ፣ የተነቀለ የቧንቧ ራስ በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ውሃው ከግድግዳው ይንፏለላል።

«ተመስገን! ማን ጠራህ? ቶሎ በል፣ አዳራሹን ሊያጥለቀልቀው ነው!»

የዋናው መስመር መዝጊያ ጥበቃው ክፍል ውስጥ ነው፤ ጥበቃው ደግሞ ክፍሉን ቆልፎ ዝግጅቱን እያየ ነው። መፍቻ አፏን ከፈተች። ለሥራ አልመጣሁም ብትል ቀጣዩ ጥያቄ የታወቀ ነው፤ ታዲያ ሴቶች ሽንት ቤት ምን ትሠራለህ? በገዛ ብልጠቷ ተይዛ ተንበረከከች። ሽንት ወጥሮት፣ ፊቱ ላይ ውሃ እየተረጨበት ቧንቧ የሚጠግን ሰው እስቲ አስቡ። ፏ ፏ የሚለው ድምፅ ብቻውን ይገድል ነበር።

መዝሙሩ ሲያልቅ ገና ከውሃው ጋር እየታገለች ነበር። ጭብጨባ ተሰማ፤ የልጅቷ ስም በድምፅ ማጉያው ተጠራ።

«በ…» አለ ማጉያው። «በ… በ…»

አንድ ሰው ሳቀ። መፍቻ የወይዘሮዋን እጅ ያዘች።

«እመቤቴ፣ አውራ ጣትዎን እዚህ ላይ ይጫኑ!»

«እኔ?»

«እርስዎ! እንዳይለቁት!»

ሣጥኑንም መፍቻውንም እዚያው ጥላ ሮጠች። ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ ውሃ እየተንጠባጠበ አዳራሹ መሀል መተላለፊያው ላይ ቆመች። «አንተ! ወዴት ነው?» አለ ጥበቃው። ሰው ዞሮ ያያት ጀመር፤ ከኋላ ሳቅ ተሰማ፤ እህቷ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። መድረክ ላይ የቆመችው ልጅ ግን አየቻት። መፍቻ አልጠቀሰቻት፣ በምልክትም አላደፋፈረቻት፤ ዝም ብላ አየቻት። ልጅቷ ትንፋሿን ሳበችና ቃሉ ወጣ። መሀል ላይ ደግሞ ደጋግሞ ያዛት፤ ጠበቀችው፤ ወጣ። ስትጨርስ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ያላጨበጨበችው መፍቻ ብቻ ናት፤ በዚያ ሰዓት ብትንቀሳቀስ ምን እንደሚከተል ታውቃለችና።

ልጅቷ ከመድረክ ወርዳ የአክስቷን ፊት ስታይ ነገሩ ገባት። እጇን ይዛ ወሰደቻት። በሴቶቹ በር ላይ ሴቶች ተሰልፈዋል።

«ወዴት? የሴቶች ነው እኮ!»

«ቧንቧ ሠሪ ነኝ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። እጇ ግን ባዶ ነው።

«አ…» አለች ልጅቷ። «አክ… አ…»

ሴቶቹ አፈጠጡባት። መፍቻ ቃሉን ልትጨርስላት፣ ይቅርብሽ ብላም ልትመልሳት ቃጣት። ልጅቷ እጇን ጨመቀችው።

«አክስቴ ናት! ሽንቷ መጥቷል!»

አዳራሽ ውስጥ ካነበበችው ሁሉ ይሄኛው ጮክ ያለ ነበር።

«አንተ ነህ?» አለ ከውስጥ የወይዘሮዋ ድምፅ። «ጣቴ ደነዘዘ እኮ! ቆይ፣ አክስቴ ናት ነው ያለችው?»

«አዎ» አለች መፍቻ ባለ በሌለ ድፍረቷ። «ሴት ነኝ፤ እንዲህ ነኝ።»

«ታዲያ ከመጀመሪያው ሽንቴን ነው አትይኝም? ግቢ በቃ፣ ግቢ! ይሄን እኔ ይዤዋለሁ።»

ሰልፉ መንገድ ለቀቀላት። ገብታ ቀረቀረች፣ ተቀመጠች። ያ ሁሉ መከራ አልፎ ታዲያ ሽንቱ እምቢ አለ። ግድግዳው ባዶ ነው፣ የምታንኳኳበት መፍቻ የለም፣ ውጭ ያሉት ሁሉ ማን እንደገባች ያውቃሉ። ፈራች፤ ደስም አላት፤ የቱ እንደበለጠ ለራሷም አልገባትም።

«አክስቴ» አለች ልጅቷ ከበሩ ውጭ፣ «አ… አትቸኩዪ። እዚህ ነኝ።»

«ኧረ ትቸኩል!» ብለው ጮኹ ወይዘሮዋ። «ጣቴ ሊወልቅ ነው!»

ሰልፉ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። መፍቻም ከውስጥ በዚያ በወፍራም ድምጿ ሳቀች። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ብዙ ተስቆባት ያውቃል፤ ከሴቶቹ ጋር አብራ ስትስቅ ግን የመጀመሪያዋ ነበር፤ ሽንቱም ያኔ መጣ።